ሸክላ የቀቀልንበት ቀን

እኔ ድስት ነጋዴ ነኝ። ሱቄ መቀሌ ገበያ ውስጥ ከጨርቅ ተራው ጀርባ ናት። በሯ ላይ ያንጠለጠልኳቸው መጥበሻዎች ነፋስ በመጣ ቁጥር ስለሚጋጩ ከማየታችሁ በፊት ትሰሟታላችሁ። ትውልዴ ወሎ ነው። እዚህ አገር ከመጣሁ ብዙ ጊዜ ሆኖኛል፤ ልጆቼ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው በትግርኛ እስከሚያሙኝ ድረስ። የኔ ትግርኛ የገበያ ነው። ዋጋ እጠራበታለሁ፣ እከራከርበታለሁ፣ እምልበታለሁ። ወሬው ወደ ሕመም ወይም ወደ ሐዘን የዞረ እንደሆነ ግን ቋንቋው ያልቅብኝና ራሴን ብቻ እነቀንቃለሁ።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ገበያ ውስጥ እንዳታወሩብኝ። ፕሬዠር እፈራለሁ። ያን ክዳኑ የሚቆለፈውን፣ ፊሽካ የሚነፋውን ድስት ማለቴ ነው። ከሱቄ ዕቃ ሁሉ እሱን የመሰለ የሚሸጥ የለም፤ እኔ ግን አንድም ቀን እሳት ላይ ጥጄው አላውቅም። ብረት ተቆልፎ፣ ውስጡ እየፈላ፣ ከላይ ደግሞ እያፏጨ ሲያስፈራራህ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ሽንኩርት መክተፍ ምን የሚሉት ጀግንነት ነው? ባለቤቴ ዘሀራ ባቄላ ከጥዋት ጀምራ እስከ እኩለ ቀን ትቀቅላለች። «የባለ ፕሬዠር ሚስት ሆኜ ከሰል ስለቅም ልሙት!» ትላለች። እኔም ጎረቤቴን ጫማ ነጋዴውን አሳያታለሁ። ሰውዬው ቤቱ ሲገባ በባዶ እግሩ ነው የሚሄደው፤ ማንም ግን ምን ሆንክ አይለውም።

ይህ ፍርሃቴ ሱቅ ውስጥ አይታወቅም። እንዲያውም ደንበኛ ሲያመነታ ሳይ የሆነ ሰው ውስጤ ይገባል። ክዳኑን ጓ አደርግና «ይሄ? ይሄማ ሕፃን የሚታቀፈው ድስት ነው!» እላለሁ። ሰዉ ያምነኛል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው።

አንድ ቀን አንዲት ቀጠን ያለች መነጽር ያደረገች ሴት መጣች። እጆቿ እስከ ክርናቸው ነጭ ትቢያ ነበሩ፤ ዳቦ ጋጋሪ መሰለችኝ። ዓይኗን ወደ ላይኛው መደርደሪያ ላከች፤ ለሆቴል ወደምሸጠው፣ ሕፃን ተኝቶ ወደሚተርፈው ፕሬዠር።

«ይሄ ከሁሉም ትልቁ ነው?»

«ትልቁ ነው እህቴ። ለስንት ሰው ነው?»

«ለሰው አይደለም።»

«ምን ሊቀቀልበት ነው ታዲያ?»

«ሸክላ።»

ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። ሳቄን ቀስ ብዬ ወደ ሳል ቀየርኩት።

ስሟ ሰናይት ነው፤ ኮሌጅ ውስጥ ታስተምራለች። ከቦርሳዋ በሻሽ የተጠቀለለ ነገር አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። የሳህን ያህል ስፋት፣ የሦስት ጣት ውፍረት ያለው ክብ ሸክላ ነው። «ጭቃው ከደቀቀ ጭድ ጋር ተቦክቶ ይተኮሳል» አለችኝ። «ጭዱ ተቃጥሎ ሲጠፋ የነበረበት ቦታ ባዶውን ይቀራል። በዓይን የማይታይ ቀዳዳ በቀዳዳ ይሆናል። የኩሬ ውሃ ከላይ ስታፈስበት ቆሻሻው ላዩ ላይ ይቀርና ውሃው ብቻ ይወርዳል።» እኔም ዕቃ የማውቅ ሰው ነኝና አንስቼ አንኳኳሁት፤ የታፈነ ድምፅ አለው። በአውራ ጣቴም ጫን አልኩት። ጠርዙ እንደ ብስኩት ተቆርሶ እጄ ላይ ቀረ።

ደነገጥኩ። እሷ ግን «ይኸው ችግሩ» አለች፤ ልክ እንድሰብረው ስትጠብቅ የነበረች ይመስል። «ቀዳዳ በመሆኑ ይሠራል፤ ቀዳዳ በመሆኑ ይሰበራል። እሳት ብጨምርበት ይጠነክርልኛል፤ ያኔ ግን ቀዳዳው ይደፈንና ተራ ሳህን ይሆናል።»

«ታዲያ ምን ተሻለ?»

«የኖራ ውሃ አጠጥቼ፣ በጣም በታፈነ ትኩስ እንፋሎት ውስጥ ለብዙ ሰዓት ማቆየት። ኖራውና ሸክላው ውስጥ ለውስጥ ይያያዛሉ፤ ቀዳዳው አይነካም። በትንሽ ድስት የጣት ያህል ቁራጭ ሞክሬ ሆኖልኛል። ሙሉውን ለማስገባት ግን ትልቅ ያስፈልገኛል። እኛ ጋ የነበረው ማሽን በዚያ ክፉ ጊዜ ተጎድቶ እስካሁን መለዋወጫ ይጠብቃል።»

ከዚያ የቸኮለችበትን ምክንያት ነገረችኝ። ከከተማ ወጣ ብለው ላሉ ትምህርት ቤቶች የንጹሕ ውሃ ሥራ የሚሠሩ ሰዎች አሉ። ሸክላው ቢሆንላት እነሱ አሠርተው ለየትምህርት ቤቱ ያድሉታል። አንድ ጊዜ ቀጥራቸው ሸክላውን በካርቶን አሽጋ፣ በመኪና ጭና፣ በውቅሮ መንገድ ወሰደችላቸው። ካርቶኑ ሲከፈት ውስጡ ዱቄት ሆኖ ቆያቸው። ከሰዎቹ አንዱ አጎንብሰው አይተው፣ ያለ ምንም ክፋት «በርበሬ ነው?» አሏት። ልጆቹ እስካሁን ከብት ከሚጠጣበት ኩሬ ነው የሚጠጡት። ቅዳሜ ሰዎቹ ለመጨረሻ ጊዜ ሊያዩላት ይመጣሉ።

«ይሄ ድስት ከጥዋት እስከ ስምንት ሰዓት ያለማቋረጥ ይችላል?» አለችኝ።

የማላውቀው ሰው ውስጤ ገባ። «እስከ ከርሞ ይችላል!»

«ቢፈነዳስ?»

«ይሄ? እኔ ራሴ አጠገቡ እቆማለሁ!»

መነጽሯን ከፍ አድርጋ አየችኝ። «ቃልዎ ነው?»

«ወላሂ!»

«ጥሩ። ቅዳሜ ጥዋት እደውልልዎታለሁ» ብላ ድስቱን ተሸክማ ሄደች።

እኔ የገበያ ወግ መስሎኝ ነበር። ሰው «ሞቼልህ» ሲል ማን ከፈን ያመጣለታል? ቅዳሜ ጥዋት ስልኬ ሲጮህ ግን እሷ ናት። «ያሉኝን አልረሱም አይደል? ሰሜን ክፍለ ከተማ፣ ብሎኬት ይመረትበት የነበረው ግቢ ነን።» ስልኩን ዘግቼ ለዘሀራ ነገርኳት።

«ወላሂ ብለሃል?» አለችኝ።

«ብያለሁ።»

«እንግዲያ ሂድ» አለችና ትንሽ አሰብ አድርጋ፣ «ደህናውን ጃኬት ግን አውልቀው» ብላ አሮጌውን አመጣችልኝ። በሕይወቴ እንደዚያን ዕለት ዋጋዬን ቁልጭ አድርጎ ያሳየኝ ሰው የለም።

ባጃጁ ውስጥ እስከ ሰሜን ድረስ ዱዓ ሳደርግ ሄድኩ። ሾፌሩ ሆስፒታል የምሄድ መስሎት ደጋግሞ «ኣጆኻ»፣ አይዞህ፣ እያለ ያበረታታኝ ነበር። ልቤ ላይ ጠብ አላለልኝም።

ግቢው ሰፊ ነው፤ ሥራ ካቆመ ቆይቷል። ያልተሸጠ ብሎኬት ተደርድሮ በየስንጥቁ ሣር አብቅሏል። ዘበኛው አቦይ ሓጎስ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ጋቢያቸውን ተከናንበው ግንቡን ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። አማርኛ ብዙም አይሆንላቸውም፤ የኔን ትግርኛ ደግሞ አውቃችሁታል። እንግዲህ ቀኑን ሙሉ የምናወራው ስለ ድስት ዋጋ ብቻ ነው ማለት ነው።

ሰናይት የኖራ ውሃ ያጠጣቻቸውን ሸክላዎች በሽቦ ቅርጫት ላይ ደርድራ፣ ውሃውን ከሥር በርከት አድርጋ ክዳኑን ቆለፈችው። በኤሌክትሪክ ምድጃ ልትሠራ ነበር ያሰበችው። ገና ሶኬቱን ስትሰካ መብራት ሄደ። እኔ በልቤ «አልሐምዱሊላህ፣ ተሰረዘ» አልኩ። እሷ ግን ትልቅ የከሰል ማንደጃ ጎትታ አመጣች።

«የት ልቁም?» ብዬ ጠየቅኋት።

«አጠገቡ ነው ያሉት።»

«አጠገቡ ሲባል እኮ እንደየሰዉ ነው።»

ጥርሷ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ተሸንፌ ድንጋይ ፈልጌ ተቀመጥኩ። ፊሽካው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጮህ ከድንጋዩ ላይ ተነስቼ ብሎኬቱ ጋ ደረስኩ፤ እንዴት እንደደረስኩ ግን አላውቅም። አቦይ ሓጎስ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁብኝ።

ደግነቱ ሰው ሁሉን ይለምዳል። ከሰሉን ስታስተካክለው ፊሽካው ረጋ ብሎ፣ ጽስስስ እያለ ቀጠለ። ዙህር ሰግጄ ተመለስኩ። እንዲያውም ትንሽ ደፍሬ ሰናይትን የሸክላውን ነገር እየጠየቅሁ ነበር፤ ስልኳ ጮኸ። እንግዶቹ ቀድመው መጥተው መንገድ ስተዋል፤ ዓይናለም ጫፍ ላይ ቆመው የት ነሽ ይሏታል። ከተማውን ከዳር እስከ ዳር አቋርጣ ልታመጣቸው ነው።

«ሊደርስለት ትንሽ ነው የቀረው» አለችኝ፣ ሮጣ ባጃጅ እያስቆመች። «ፊሽካው እስከጮኸ ድረስ ምንም ችግር የለም። ፊሽካው ከቆመ ግን...»

ባጃጁ ሞተሩን አስነሳ። አፏ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ የምሰማው ግን ድርርርር ብቻ ነው።

«ከቆመ ግን ምን?» ብዬ ጮህኩ።

እጇን አውለብልባልኝ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሰዓት እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። አንድ ሰው በሙሉ ሰውነቱ ጆሮ ሆኖ አይታችሁ ታውቃላችሁ? መንገድ ላይ መኪና ባለፈ ቁጥር ፊሽካውን ይሸፍንብኛል፤ ልቤ ቀጥ ይላል፤ መኪናው ሲያልፍ ጽስስስ ይመለሳል፤ እተነፍሳለሁ። ጎረቤት ያሉት በያጆች ብረት ሲቆርጡ ደግሞ ጽስስሱ ጭራሽ ይጠፋብኛል። ወደ ሰናይት ደወልኩ፤ አታነሳም። ባጃጅ ውስጥ ሆና ምን ትሰማለች? የድስቱን መመሪያ ከካርቶኑ ውስጥ አወጣሁ፤ በቻይንኛ ነው። ለስንት ሰው ስሸጠው «አንብበው፣ ሁሉም ተጽፏል» ስል ኖሬያለሁ። ሥዕሉን አየሁ። አንዲት ሴት ድስቱ አጠገብ ቆማ ትስቃለች። ምን እንደሚያስቃት አልገባኝም።

ከዚያ ቆመ።

መጀመሪያ መኪና እያለፈ መሰለኝ። መኪና የለም። በያጆቹም ምሳ ላይ ናቸው። ድስቱ ዝም ብሎ ከሰሉ ላይ ተቀምጧል። በዕድሜዬ እንደዚያ ዝምታ ያስጨነቀኝ ነገር የለም።

«አቦይ!» አልኩ። «አቦይ ሓጎስ! ቆመ!»

አንድ ዓይናቸውን ከፍተው ድስቱን አዩት። ከዚያ በታላቅ እርጋታ «በሲሉ» አሉኝና ዓይናቸውን መልሰው ከደኑ። በስሏል ማለታቸው ነው።

ሸክላ እንዴት ይበስላል! ላስረዳቸው ሞከርኩ። «ውሽጢ... ብዙሕ... ቡም!» እያልኩ፣ ውስጡ ብዙ ታፍኗል ለማለት፣ በሁለት እጄ አሳየኋቸው። ፊሽካው የሚቆመው ወይ ውሃው ሲያልቅ ነው፣ ወይ ቀዳዳው ሲደፈን ነው፤ ይህችን ያህልስ ደንበኞቼ ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ጠጋ ብዬ፣ ማለትም ከሩቅ ሆኜ አንገቴን አስግጌ አየሁ። ፊሽካዋ ዙሪያ ነጭ ነገር ጋግሯል። ኖራው ነው። አረፋው ወጥቶ ደርቆ ደፍኖታል። ውስጡ ያለው እንፋሎት መውጫ የለውም፤ ከሥር ከሰሉ ይፋማል።

ያደረግሁትን ሁሉ በዝርዝር ብነግራችሁ ከሱቄ ዕቃ አትገዙም። መጀመሪያ ብሎኬት እየተሸከምኩ ዙሪያዬን ግንብ ሠራሁ። ጉልበቴ ላይ ሲደርስ ጭንቅላቴ ትዝ አለኝና በያጆቹ ጋ ሮጬ የብየዳ ጭንብል ለመንኳቸው። «ምን ልትበይድ ነው?» አሉኝ። «እኔንጃ» ብዬ ተመለስኩ። ጭንብሉን ሳጠልቀው ምንም አይታይም፤ ለካ ለእሳት ብርሃን የተሠራ ጥቁር መስተዋት ነው። ጨለማ ውስጥ ሆኜ መፈንዳቱን መጠበቅ ጀመርኩ። ይህ ደግሞ የባሰ ሆነ።

«ወይ ጉድ! ድስት ሻጩ አይደሉም እንዴ?» የሚል የሴት ድምፅ ሰማሁ።

ጭንብሉን ገለጥ አደረግሁት። ወይዘሮ ዛፉ ናቸው። ከግቢው በር አጠገብ ለአካባቢው ሠራተኞች ባቄላ እየቀቀሉ ምሳ የሚሸጡ ሴት ናቸው፤ ከኔም ፕሬዠር ገዝተዋል። ያኔ «እንደ ሕፃን ይታቀፉት» ብያቸዋለሁ።

«ምን ሆነው ነው እዚህ የተደበቁት?»

«አልተደበቅሁም። እየጠበቅሁት ነው።»

ድስቱን አዩ፤ ብሎኬቱን አዩ፤ ጭንብሉን አዩ። ቀስ እያለ ገባቸው። ፊታቸው ተለወጠ። «የኔስ?» አሉኝ። «እሳት ላይ ጥጄው ነው የመጣሁት፤ የኔም እንዲህ ያደርጋል?»

«የእርስዎ ኖራ የለበትም! ባቄላ ነው!»

«ታዲያ ይሄን ለምን አያወርዱትም?»

«ፈርቼ!» አልኩ። ወጣልኝ። ስንት ዘመን የደበቅሁት ነገር ለባቄላ ቀቃይ ደንበኛዬ ወጣልኝ። ሴትዮዋ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ ምድጃቸው ሮጡ።

ከግቢው አጥር ውጭ ሁለት ሴቶች ጀሪካን ተሸክመው እየተጨዋወቱ ያልፋሉ። አቦይ ሓጎስ ግንቡን ተደግፈው ያንኮራፋሉ። ይሄ ነገር የፈነዳ እንደሆነ እኔ በሠራሁት ግንብ ውስጥ ተርፌ ሽማግሌው ሊጎዱ ነው። ያ ሐሳብ ሲመጣ ድንጋዩ ላይ መቀመጥ አቃተኝ። የተጣለ ረጅም የባሕር ዛፍ እንጨት አገኘሁ፤ ጫፉ ላይ በመታጠቂያዬ አካፋ አሰርኩበት። ሱሪዬን በአንድ እጄ ይዤ፣ በደረቴ እየተሳብኩ፣ «ቢስሚላህ፣ ቢስሚላህ» እያልኩ ወደ ማንደጃው ተጠጋሁ።

ፍሙን ጎተትኩ። ትንሽ ወጣ። ደግሜ ጎተትኩ። ድስቱ ከውስጡ ግርር የሚል ድምፅ ያሰማል። ፊቴን ከአፈሩ ጋር አጣብቄ በጭፍን እጎትታለሁ። አንዴ ማንደጃውን ራሱን ጎትቼው ድስቱ ዘመም አለ፤ ነፍሴ ከአፌ ደርሳ ተመለሰች። አብዛኛው ፍም ወጥቶ መሬት ላይ ተበትኗል። «በቃ ተረፍን» ብዬ ቀና አልኩ።

ያኔ ክዳኑ ላይ ያለችው፣ እንፋሎት ሲበዛ እንድትወጣ የተሠራችው የአደጋ ጎማ ተስፈንጥራ ወጣች።

ድምፁን መግለጽ አልችልም። ዷ ብሎ ጆሮዬን ደፈነው። ነጭ እንፋሎት እስከ ሰማይ ተተኮሰ፤ የኖራ ውሃ እንደ ዝናብ ወረደብን። በዚያው ቅጽበት አንድ ከባድ ነገር ጀርባዬ ላይ ወደቀ። የሞትኩ መሰለኝ። ቆይቶ የወደቀብኝ ነገር እንደሚተነፍስ አወቅሁ። አቦይ ሓጎስ ናቸው። ከእንቅልፋቸው ተነስተው፣ ሮጠው መጥተው፣ ጋቢያቸውን ዘርግተው በሙሉ አካላቸው ሸፍነውኛል። እጃቸው ጭንቅላቴን ወደ መሬት ተጭኖታል። «ኣይትንቀሳቐስ፣ ወደይ፣ ኣይትንቀሳቐስ» ይላሉ በሹክሹክታ። አትንቀሳቀስ፣ ልጄ።

ሰፈሩ ሁሉ ጸጥ አለ። በያጆቹ የሉም፤ መንገዱ ላይ የነበሩት ሴቶች የሉም፤ ሁሉም ባለበት መሬት ይዟል። እዚህ ከተማ ውስጥ ድንገት የሚፈነዳ ነገር ቀልድ አይደለም። ሰዉ ምን እንደሚመጣ ቀና ብሎ ሰማዩን ሲያይ እኔም አሮጌው ጃኬቴ ውስጥ ሆኜ በሐፍረት ልሞት ነበር። በአንዲት ድስት ይህን ሁሉ ሰው ወዴት መለስኩት?

ከዚያ የወይዘሮ ዛፉ ድምፅ ከበሩ ላይ ጮኸ። «ድስቲ እዩ! ኣጆኹም፣ ድስቲ እዩ!»

ድስት ነው። ከአጥሩ ወዲያ አንዱ ደገመው፤ «ድስቲ እዩ»። ከዚያ ወዲያ ሌላው። ቃሉ ከቤት ቤት፣ ከበር በር እየተቀባበለ ወደ መንገዱ ጫፍ ሲሄድ ሰማሁት። በመጨረሻ ሩቅ ቦታ አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ሌላ ሰው ሳቀ። ትንሽ ቆይቶ ሰፈሩ በሙሉ ይስቅ ጀመር። አቦይ ሓጎስ ከላዬ ተነሱ፣ ጋቢያቸውን አራገፉ፣ አነሱኝና አቧራዬን እየመቱ «እንታይ ዓይነት ድስቲ እዩ እዚ!» አሉ፤ ምን ዓይነት ድስት ነው ይሄ ማለታቸው ነው።

ሰናይት እንግዶቿን ይዛ የደረሰችው በዚህ ሰዓት ነው። ግቢው ተበትኗል። መሬቱ ፍም በፍም ነው። በሩ ላይ ሕዝብ ተኮልኩሏል። ድስት ነጋዴው በጭንብል፣ ከእግር እስከ ራሱ በኖራ ነጥቶ፣ ሱሪውን በእጁ ይዞ ቆሟል።

«ተጎዱ?» አለችኝ፣ ቀለሟ ገርጥቶ።

«ደህና ነኝ። ፊሽካው ቆመ። ከቆመ ግን ያሉትን አልሰማሁም።»

«ከቆመ ግን ወዲያው እሳቱን ያውጡት ነው ያልኩዎት» አለች። ፍሙ ላይ ዓይኗን ጣለች፤ ከዚያ የታሰረውን አካፋ አየች። ክንዴንም ለአፍታ ያዝ አድርጋ ለቀቀችው።

ድስቱ እስኪቀዘቅዝ ሁላችንም ዙሪያውን ቆምን። እንግዶቹ ሦስት ናቸው፤ ከእነሱ ትልቁ፣ ኮፍያ ያደረጉት ሰውዬ ባለፈው «በርበሬ ነው?» ያሉት ናቸው። ሰዓታቸውን ያያሉ። ሰናይት ክዳኑን ከፈተች። የላይኛው ሸክላ ለሁለት ተሰንጥቋል። ስታየው ትከሻዋ ወረደ። ያን አንስታ ሁለተኛውን አወጣች። ሙሉ ነው። በጣቷ አንኳኳችው። እኔ ሱቅ ላይ የሰማሁት የታፈነ ድምፅ ነበር፤ ይሄ ግን ቅንንን አለ። ሦስተኛውም ቅንንን።

«ባለፈውም ካርቶን ውስጥ ሲገባ ደህና ነበር» አሉ ባለ ኮፍያው። «መንገድ ይችላል ወይ ነው ጥያቄው።»

ሰናይት ሁለት ብሎኬት አራርቃ አስቀመጠችና ሸክላውን እንደ ድልድይ ላያቸው ላይ አጋደመችው። «ሰው ይቁምበት» አለች። ከዚያ ዙሪያዋን ማየት ጀመረች። ሕዝቡም ማየት ጀመረ። እንግዲህ ነጋዴ ነኝ፤ ከተቀመጥኩበት የማልነሳ። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ዓይኖች ሁሉ ሆዴ ላይ አረፉ።

የአቦይ ሓጎስን ትከሻ ይዤ ወጣሁ። መጀመሪያ አንድ እግር። ከዚያ ሌላው። ትከሻቸውን ለቀቅሁ። የግቢው ሰው ትንፋሹን ዋጠ። ሰናይት ዓይኗን ጨፍናለች።

ቀጭ አለ።

«ወይኔ!» አለች።

«ጉልበቴ ነው» አልኩ። «ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚለው።»

ሸክላው አልተነቃነቀም። ባለ ኮፍያው ተንበርክከው ከሥሩ አዩት፤ በእጃቸው ዳሰሱት፤ «አይ፣ ይሄስ ይችላል» አሉ ለራሳቸው። ሳቁና ጭብጨባው ሲነሳ ሽማግሌው አቅፈው አወረዱኝ።

ቀጥሎ ውሃው ተፈተነ። ሰናይት ከአንዱ ትምህርት ቤት አጠገብ ካለ ኩሬ በጀሪካን የቀዳችው ቀይ ውሃ ነበራት። ሸክላውን ባልዲ አፍ ላይ ገጥማ ከላይ አፈሰሰችው። መጀመሪያ ምንም የለም። ቆይቶ ከሥሩ ጠብ አለ። ጠብ፣ ጠብ። ቀዳዳው አልተደፈነም። የተጠራቀመውን በብርጭቆ ቀድታ ወደ ፀሐይ አነሳችው። ኩልል ያለ፣ ጥርት ያለ ውሃ። ሁሉም «እሰይ!» አለ። እሷ ብርጭቆውን ለባለ ኮፍያው እንዲያዩት ልትሰጥ እጇን ዘረጋች። መሐል ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ።

ከጥዋት ጀምሮ ጉሮሮዬ ደርቋል። ኖራ ውጫለሁ፤ አፈር ውጫለሁ። ብርጭቆ ወደ አፌ አቅጣጫ ሲመጣ አየሁና «ጀዛከላህ» ብዬ አመስግኜ፣ ተቀብዬ እስከ ታች ጨለጥኩት።

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

«ጠጡት?» አለች ሰናይት።

«ትንሽ ጠመኔ ጠመኔ ይላል» አልኳት።

«ገና አልተመረመረም እኮ! ለማየት ነው እንጂ ለመጠጥ ማን አለዎት? የመጀመሪያው ውሃማ ይደፋል!»

ከዚያ ቀን በኋላ የሆዴ ዘበኛ ሆንኩ ብል ይቀላል። ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሆዴን አዳምጣለሁ። ጉርር ካለ «መጣ» እላለሁ፤ ዝም ካለ «ለምን ዝም አለ?» እላለሁ። ደንበኛ ድስት ሲያንኳኳ «ቀስ!» እለዋለሁ። ዘሀራ ሩዝና ሻይ ብቻ ትሰጠኛለች። ሰናይት በየጥዋቱ ትደውላለች፤ እንዴት አደሩ እንኳ አትልም።

«ሆድዎ እንዴት አደረ?»

«ተኝቶ አደረ።»

«ትኩሳትስ?»

«የለም።»

«ወላሂ ይበሉ።»

«ወላሂ።»

ውሃውን ለምርመራ ሰጥታ ነበር። ውጤቱ ንጹሕ ነው ብለው ሲነግሯት ከዚያው ሆና ደወለችልኝ። ለምርመራ የላከችው ከመጀመሪያው በኋላ የወረደውን ነው፤ ስለዚህ የኔን ሆድ ጉዳይ ወረቀቱ አይፈታውም። ግን በዚህ ጊዜ እኔም ተርፌ ነበር። እንግዶቹ እንድታሠራ እሺ ብለዋታል። ደስታዋን እየጠበቅሁ ሳለ ከስልኩ ውስጥ ለቅሶ ሰማሁ።

«ምን ሆኑ መምህርት?»

«ምንም» አለች፣ እየሳቀችም እያለቀሰችም። «እርስዎ ያንን ውሃ ከጠጡ ጀምሮ እህል አልወረደልኝም። ሰው ገደልኩ ብዬ።»

ለካ እኔ ሆዴን ስጠብቅ እሷም የኔኑ ሆድ ስትጠብቅ ነበር። «በሉ እንግዲህ ነገ ምሳ ቤታችን ይምጡ» አልኳት፤ መጣችም። ዘሀራ ከጥዋት ጀምሮ በከሰል ያበሰለችውን አቀረበች። መምህርቷ እንደዚያ ቀጭን ሆና የበላችውን ብነግራችሁ አታምኑም፤ ልጆቼ እንኳ መብላታቸውን ትተው በትግርኛ ተንሾካሾኩ። መሐል ላይ ዘሀራ ውሃ በብርጭቆ ቀድታ ፊቷ ላይ አስቀመጠችላት። ሰናይት ልማድ ሆኖባት ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስታ ትኩር ብላ አየችው።

«የቧንቧ ነው እህቴ፤ አይዞሽ ጠጪው» አለቻት ዘሀራ። ከዚያ እኔ ፊት የነበረውን ብርጭቆ ሳብ አድርጋ ወሰደችብኝ። «ለእሱ ሻይ ይበቃዋል።»